ስልኩ የቤቱ ነው ወይስ የአባወራው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዘዋወር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ከተማዋን እንደሚያውቋት ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ደስ ይላል። ሐሳባቸው ግን አልተዋጠልኝም።

በአጭሩ የሚሉት ይህን ነው። በሞባይል ኢንተርኔት ረገድ በወንድና በሴት መካከል አለ የሚባለው ልዩነት ተጋኗል። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ስማርት ስልክ የሌለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ የእኛ ኑሮ ደግሞ የጋራ ስለሆነ ቤቱ ካለው ሁሉም አለው። የፓኬጅ ዋጋ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ሴቶች ካልተጠቀሙ ጊዜውም ፍላጎቱም ስለሌላቸው ነው። ዋናው ችግር ኔትወርክና መብራት ነው፤ እሱ ደግሞ ጾታ አይመርጥም። የቀረው ልዩነት ወጣቶቹ ሲተኩ በራሱ ይጠፋል። ከዚያ አልፎ ለሴቷ ለብቻዋ ስልክ ይኑራት እያሉ መነካካት ትዳር ማመስ ነው። መፍትሔ ካስፈለገም ጣና ዳርና አደባባዮች ላይ ነጻ ዋይፋይ ይተከል።

እኔ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ካርድ እሸጣለሁ፣ ፓኬጅ እሞላለሁ፣ ቴሌብር አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። ቻርጀርና የስልክ ሽፋንም አለኝ። ሰው ስልኩን ከፍቶ የሚያሳየው ለኔ ቢጤ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት ከበደኝ።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ፤ የቀረው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና።

ቤቱ ስልክ አለው ይላሉ። ይሁን። ስልኩ ግን ቤት አይውልም። አባወራው ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አብሮት ይወጣል፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ አብሮት ይገባል። ሲገባ ቻርጁ አልቋል። ይሰካል። ትንሽ ከሞላ በኋላ እሱ ዜናውን ያያል፤ ከዚያ ትልቁ ልጅ ለጥናት ብሎ ይወስደዋል (ጥናቱ ቲክቶክ ላይ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን)። እሷ በዚያ ሰዓት እራት ታቀርባለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ሊጥ ታቦካለች። ስልኩ ነጻ ሲሆን ቤቱ ተኝቷል። ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ላይ ከሆነማ ስልኩ በጀልባ ይሻገራል። ባልየው ባሕር ዳር ለጉዳይ መጥቶ ካደረ፣ ያቺ ቤት ያን ቀንና ሌሊት ኢንተርኔት የላትም። በጸሐፊው አቆጣጠር ግን አላት።

ደግሞ ቤት ሲሉ እነማንን ማለታቸው ነው? የቤት ጥናት የሚሠሩ ባለሙያዎች ቤተሰብ የሚሉት አንድ ላይ የሚኖሩትንና ከአንድ ማጀት የሚበሉትን ሰዎች ነው፤ ዘመድ ሆኑም አልሆኑ። እንግዲህ የቤት ሠራተኛዋ ተቆጥራለች ማለት ነው። ቀበሌ 14 ያለ አንድ ደህና ቤት ውስጥ አምስት ስማርት ስልክና የግድግዳ ዋይፋይ ይኖራል። ሠራተኛዋ የዋይፋዩን ፓስወርድ አታውቅም። እንድታውቅም አይፈለግም፤ «ሥራ ትፈታለች» ይባላል። ስልክ ካላት ስማርት ያልሆነ የቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱም ኩሽና ውስጥ እንዲቀመጥ የሚታዘዝባት ቤት አለ። ከገጠር ስትመጣ የቀበሌ መታወቂያ ስላልያዘች ሲሙን ያወጣላት ሌላ ሰው ነው። ይህቺ ልጅ በየትኛው ስሌት ነው የቤቱ ኢንተርኔት ተካፋይ የምትሆነው?

ይህ የአቆጣጠር ጉዳይ ደግሞ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት የቤተሰብ መጠይቅ የሚጠይቀው ከቤቱ አባላት ሞባይል ያለው ሰው አለ ወይ ብሎ ነው። አንድ ሰው ካለው ቤቱ አለው ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ብቻ ብንሄድ ልዩነት የሚባል ነገር ጨርሶ አይታይም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቤት ውስጥ ወንድም ሴትም አለ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት ግን ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ፣ የራስህ ስልክ አለህ ወይ፣ የራስሽ ስልክ አለሽ ወይ፣ ኢንተርኔት ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ ወይ ተብለው ተጠየቁ። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦችም ላይ የሞባይል ባለቤትነት በአምስተኛው ግብ ሥር የሚለካው በሰው ነው፤ ያውም በጾታ ተለይቶ። ይህን ያደረጉት ለነገር አይደለም። ቤት አይደውልም፤ ሰው ነው የሚደውለው።

የቴሌኮሞቹ ቁጥርም ያው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለኝ ሲል የሚቆጥረው ሲም ነው። አንድ ሰው የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ከያዘ ሁለት ቦታ ተቆጠረ። እኔ የማውቀው አንድ ደላላ አራት ሲም አለው። ሚስቱ ግን አንድም የላትም። በአማካይ ሲሰላ ሁለቱም ሞልቶላቸዋል።

ወደ ዋጋው እንሂድ። ፓኬጁ ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው ያሉት እውነት ነው። ኪሱ ነው ሁለት የሆነው። ለቤት ወጪ ተብሎ በተሰጠ ብር ላይ የሽንኩርቱም፣ የዘይቱም፣ የከሰሉም ሒሳብ አለበት። ከዚያ ላይ ፓኬጅ ከተገዛ ይታወቃል። እሱ ከኪሱ ሲገዛ ማን ይጠይቀዋል? ሱቄ የሚመጡ ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ የወር ይሉኛል። የራሳቸው ገቢ የሌላቸው ሴቶች የሚገዙት የቀን ነው፤ እሱንም ዓረብ አገር ያለችው ልጅ በኢሞ ልትደውል የቀጠረችበት ቀን ነው። የቀን ፓኬጅ በጊጋ ሲመነዘር ደግሞ ከወሩ ይወደዳል። እንግዲህ አንድ ዋጋ ነው የተባለው እሷ ጋ ሲደርስ ውድ ሆነ።

ቀፎውስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ስልክ ተወዷል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጣ፤ ቀፎም እንደዚሁ። ግን ጸሐፊው ይህን ያመጡት ችግሩ ለሁሉም እኩል ነው ለማለት ነው። እኩል አይደለም። ስልክ ሲወደድ አዲሱ የሚገዛው ለአንድ ሰው ነው። የድሮው ወደ ትልቁ ልጅ ይወርዳል። የልጁ ወደ እናቱ ይወርዳል። እኔ ሱቅ የሚደርሰው ያ ሦስተኛው ነው። ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል፣ ባትሪው አብጧል፣ ሚሞሪው በልጁ ቪዲዮ ሞልቷል። «እህቴ፣ አፑ አልከፍት አለኝ እስቲ እዪልኝ» ትለኛለች። ምን አየዋለሁ? ሶፍትዌሩ አርጅቶ አዲሱን አፕ አይቀበልም። ያለቀለት ስልክ ነው። ለቤት ቆጣሪው ግን እሱም አንድ ስማርት ስልክ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ወዳከራከረኝ ነጥብ ልምጣ። ሴቶች ፍላጎቱ የላቸውም፣ ለሥራቸውም አያስፈልጋቸውም ይላሉ ጸሐፊው። ጎመን ለመሸጥ ኢንተርኔት ምን ይሠራል ሲሉም ይጠይቃሉ።

ስለ ጎመን ከተነሳ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ጎመንና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አለች። ጉልቷ ላይ የካርቶን ቁራጭ አቁማለች፤ በእስክሪብቶ የቴሌብር ቁጥር ተጽፎበታል። ዛሬ ደንበኛው ሁሉ «ቴሌብር አለሽ?» ነው የሚለው። ብር ይዞ የሚዞር ቀንሷል። የለኝም ካለች ደንበኛው ቀጥሎ ካለችው ይገዛል። ቁጥሩ ግን የእሷ አይደለም። የባሏ ነው።

እና ምን ይሆናል መሰላችሁ? ደንበኛው ይልካል፤ «ይኸው ተልኳል» ብሎ ስክሪኑን ያሳያታል። ማረጋገጫው መልእክት የገባው ባሏ ኪስ ውስጥ ነው፤ ባሏ ደግሞ ግንባታ ላይ ነው። ትደውልለታለች። «ገባ?» ካነሳ ይነግራታል። ካላነሳ ሁለት ምርጫ አላት፤ ደንበኛውን ማቆም ወይም ማመን። አንድ ጊዜ አንዱ ጎረምሳ የትናንት መልእክት አሳይቷት ሦስት ኪሎ ቲማቲም ይዞ ሄዷል። ማታ ሒሳብ ሲመጣ የቀኑ ሽያጭ ግማሹ ባሏ አካውንት ውስጥ ነው። ንጋት ላይ ከጅምላ ነጋዴዎቹ ዘንድ ለመድረስ መነሻ ገንዘብ ያስፈልጋታል። የራሷን ሽያጭ ከባሏ ትጠይቃለች።

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። ከለከለኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ግን ካርድ ሞልቶበታል፣ አንዳንድ ቀን ለጓደኛ አበድሮታል፣ አንዳንድ ቀን ተኝቷል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በቴሌብር ዘመን ቁጥር ተሰጥቶት ካርቶን ላይ ተለጠፈ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ገንዘብ መላኪያ ነበር። ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ ግን መላ የሚባል ብድርና ሳንዱቅ የሚባል ቁጠባ አለው። ብድሩ መያዣ አይጠይቅም፤ የሚያየው አካውንቱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ነው። ብዙ ከገባበትና ከወጣበት የሚፈቀደው ብድር ከፍ ይላል። እንግዲህ አስቡት። ጠዋት ማታ የምትለፋው እሷ፣ ታሪኩ የሚጻፈው በሱ ስም። ነገ መበደር ብትፈልግ ሲስተሙ አያውቃትም። ጎመን ሸጣ የማታውቅ ሰው ናት።

ለዚህ ደግሞ ስማርት ስልክ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። የቴሌብሩ አጭር ቁጥር *127# በቁልፍ ስልክም ይሠራል። የሚያስፈልጋት በስሟ የወጣ ሲምና ገበያ ላይ አብሯት የሚውል ስልክ ነው። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ያመጣውን ለውጥ ያጠኑት ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ እ.ኤ.አ. በ2016 «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት ላይ ባሳተሙት ሥራ አገልግሎቱ 194 ሺህ ያህል ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በሴት በሚመሩ ቤቶች ላይ ነበር። 185 ሺህ ያህል ሴቶችም ከእርሻ ወደ ንግድ እንዲሻገሩ ረድቷል ብለዋል። እነዚያ ሴቶች ፍላጎት ተምረው አይደለም የገቡበት። በእጃቸው ሲገባ የሚሠሩበትን አገኙ።

ፍላጎት የለም የሚለው ሌላም ቦታ አያስኬድም። ኢሞ ላይ የልጇን ፊት ለማየት ብላ ጎረቤት ቤት የምትሄድ እናት ፍላጎት የላትም? ማንበብ የማይችሉ እናቶች የድምፅ መልእክት እንዴት እንደሚልኩ ጸሐፊው አይተው ቢሆን ደስ ባለኝ። የልጃቸውን ፎቶ አይተው ይጫናሉ፣ ማይኩን ተጭነው ይይዛሉ፣ መርቀው ይለቁታል። ማንም አላሠለጠናቸውም። ችግሩ ጽሑፍ ሲመጣ ነው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ማንበብ የሚችሉት ሴቶች 42 በመቶ፣ ወንዶች 69 በመቶ ነበሩ። ማንበብ የማትችል ሴት የሚስጥር ቁጥሯን ለልጇ ወይም ለእኔ ትነግራለች። ስድስቱን ቁጥር ጮክ ብላ፣ ሰው በተሰለፈበት። ዝቅ በይ እላታለሁ፤ «ምን አለኝ ብዬ» ትለኛለች።

ቴክኖሎጂ ለሴት አይቀናትም የሚል ነገርም ጽሑፉ መሃል ጣል ተደርጓል። ለዚህ ረጅም መልስ አልሰጥም። የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። ታብሌት ተሰጥቷቸው የቤተሰቡን መረጃ በሱ ላይ የሚመዘግቡ አሉ። ሥራው ሲሰጣቸው ሠሩት።

ኔትወርክና መብራት ጾታ አይመርጡም የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም። እውነት ነው፣ የሁሉም ሰው ስልክ ላይ ዳታው ጠፍቷል። ግን የመስመር ኢንተርኔት ያላቸው ሆቴሎችና ካፌዎች ነበሩ፤ ቢሮዎችም ነበሩ። ያኔ ኢንተርኔት ከእጅ ወጥቶ ወደ ወንበር ገባ። ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ? አንድ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የሚችለው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ብቻውን ወደ ቤት ቢመለስ የማይጠየቀው፣ ብቻውን ካፌ ቢገኝ የማይታማው ነው። በቢሮ በኩል ከታየም ቢሮ ያለው ነው። ቤት የዋለችው እመቤት ግን ልጇ ከሪያድ ብትደውል የምታገኝበት መንገድ አልነበረም። መቋረጡ ጾታ አልመረጠም ይሆናል። ማምለጫው ግን መርጧል።

መብራት ላይም ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኩ የሚሞላው ሌላ ቦታ ነው፤ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ፣ ሶላር ያለው ጎረቤት። በአንድ ጊዜ ሁለት ስልክ ለማስሞላት ገንዘብ ከሌለ የማን ስልክ ይሄዳል? አባወራው ለሥራ የሚጠራው በስልክ ስለሆነ የሱ ይሄዳል። ምክንያት አለው፤ ትክክልም ሊሆን ይችላል። ግን እኩል አትበሉኝ።

ወጣቶቹ ሲተኩ ይጠፋል የሚለውን ተስፋ እኔም ብጋራው ደስ ባለኝ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢ ያሉ ሴት ተማሪዎች ስልክ ላይ ከወንዶቹ አያንሱም፤ ጸሐፊው እነሱን አይተው ነው የጻፉት። ዩኒቨርሲቲ ያልደረሱትስ? ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆማ እናቷን የምታግዘው? ለወንድሟ ለትምህርቱ ተብሎ ስልክ ሲገዛለት ለእሷ «ያበላሽሻል» ይባላል። ብታገኝም ፓተርኑን ወንድሟ ያውቀዋል፣ ቴሌግራሟን ይከፍተዋል፣ ማን እንደጻፈላት ይጠይቃታል። ተገላቢጦሹን አይቼ አላውቅም።

ደግሞም በራሱ የሚጠፋ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው ጂኤስኤምኤ በየዓመቱ የሚያወጣው ሪፖርት አለ። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሴቶች ሞባይል ኢንተርኔት የመጠቀም ዕድላቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ከወንዶች በ15 በመቶ ያንስ ነበር። በ2022 ልዩነቱ ወደ 19 ሰፋ። በ2023 ተመልሶ 15 ሆነ። ሦስት ዓመት ሄዶ የነበረበት ቦታ ማለት ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ደግሞ በዚያው በ2023 ልዩነቱ 32 በመቶ ነበር። ወጣቶች በነዚህ ዓመታትም ይተኩ ነበር እኮ። ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ የሚቆረጠው የእሷ ፓኬጅ ስለሆነ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ትዳሩ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ትንሽ ሞቅ ብሏቸዋል። ንብረት የጋራ በሆነበት አገር የእሷ ስልክ፣ የሱ ስልክ ማለት ቤት መክፈል ነው ይላሉ።

የጋራነቱን ሕጉም ይደግፋቸዋል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በትዳር የተፈራውን ንብረት የጋራ ያደርገዋል። ሲም ካርድ ግን የጋራ ተብሎ አይመዘገብም። አንድ ስም፣ አንድ መታወቂያ ነው። ሲሙ ቢጠፋ የሚተካለት ለተመዘገበው ሰው ነው። ሁለቱ ቢለያዩ ወይም እሱ ቢሞት፣ ስንት ዓመት ስትደዋወልበት የኖረችው ቁጥር የእሷ አይደለም። ደንበኞቿ የሚያውቁት ያንን ቁጥር ነው፤ አካውንቱ ውስጥ ያለው ብርም በዚያው ቁጥር ላይ ነው። በባላቸው ስም በወጣ ሲም ሲሠሩ ቆይተው ባል ከሞተ በኋላ ሱቄ መጥተው የሚያለቅሱ ሴቶችን አይቻለሁ። እኔ ምንም ማድረግ አልችልም፤ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ ብዬ ነው የምሸኛቸው።

ይህን ክርክር ደግሞ ክልላችን ከዚህ በፊት አይቶታል። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምርም መሬቱ የቤቱ አይደል ወይ፣ የሚስት ስም መጻፉ ለምን አስፈለገ ያሉ ነበሩ። የባልና የሚስት ስም አንድ ደብተር ላይ ሰፈረ፤ ፎቷቸውም ጎን ለጎን ተለጠፈ። አንዲት ሴት ያንን ደብተር ይዛ ቀበሌ ስትገባ ባሏን አስቀድማ አትልክም። ለመሬት ያልከበደን ለሲም ለምን ይከብደናል?

ቅናቱን ግን አልክደውም። ስልክ ስለተደወለ የተመታች ሴት በሰፈሩ ሁሉ አለች። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ለብቻዋ ስልክ አይኑራት ይላሉ። እኔ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የተመታች ሴት ለእናቷ ወይም ለእህቷ የምትደውለው በምን ነው? በመቺው ስልክ?

የመጨረሻው መፍትሔያቸው ነው፤ ነጻ ዋይፋይ ጣና ዳርና አደባባይ ላይ። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ለተማሪና ለቱሪስት ጥሩ ነው። ግን ጣና ዳር የሚቀመጠውን እናውቀዋለን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊቀበል የሚወጣው ጊዜ ያለው ሰው ነው። ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል ይዛ ከገበያ የምትመለስ ሴት ሐይቁ ዳር ቆማ ፓስወርድ አታስገባም። ስልኩም አብሯት የለም፤ ይህን ከላይ ተነጋግረናል።

መተከሉ ካልቀረ ሴቶቹ ቆመው የሚጠብቁበት ቦታ ይተከል። ጤና ጣቢያ አንድ ነው፤ የእርግዝና ክትትልና የልጅ ክትባት ቀን ግማሽ ቀን ይቀመጡበታል። ሌላው ወፍጮ ቤት ነው። እህል ይዛ የመጣች ሴት ተራዋ እስኪደርስ ሰዓታት ትጠብቃለች፤ ወንድ አብሮ አይጠብቅም፤ ማንም ምን ትሠሪያለሽ አይላትም። እዚያ አንድ ሲም የሚያወጣ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ቢቀመጥ፣ ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) የሌላትን ቢመዘግብ፣ በራሷ ስም ሲም ቢያወጣላት፣ *127# እንዴት እንደሚሠራ በቃል ቢያሳያት ብዙ ነገር ይቀየራል። ወፍጮ ቤት መብራት አለው፣ ባለቤት አለው፣ ወረፋም አለው።